ሃሎቴን በደጋ ከተማ

በትንፋሽ የሚሰጡ ማደንዘዣዎች በሳንባ ገብተውና በደም ተጉዘው አንጎልን የሚያስተኙ ጋዞችና ትነቶች ናቸው። በብዛት ከሚሠራባቸው መካከል በክፍል ሙቀት ጋዝ የሆነው ናይትረስ ኦክሳይድ ብቻ ሲሆን የሚመጣውም በሲሊንደር ነው። ሃሎቴን፣ አይሶፍሉሬን፣ ሴቮፍሉሬንና ዴስፍሉሬን በጠርሙስ የሚቀመጡ ፈሳሾች ናቸው፤ ቬፖራይዘር በሚባል ዕቃ ውስጥ ይተኑና ከኦክሲጅን ጋር ተቀላቅለው በቱቦ ወይም በጭምብል ወደ ሕመምተኛው ይደርሳሉ። በመርፌ የተሰጠ መድኃኒት አንዴ ከገባ መመለሻ የለውም፤ ጉበትና ኩላሊት እስኪያስወግዱት መጠበቅ ነው። በትንፋሽ የገባው ግን በአመዛኙ በገባበት በር ይወጣል። ማደንዘዣውን የሚሰጠው አንስቴቲስት የቬፖራይዘሩን መዘውር ሲዘጋ ሕመምተኛው ራሱ እየተነፈሰ ያስወጣዋል።

ዋና አገልግሎታቸው የተጀመረውን እንቅልፍ ማቆየት ነው። አዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ በኬታሚን፣ በታዮፔንቶን ወይም በፕሮፖፎል መርፌ ይተኛና ኦፕራሲዮኑ እስኪያልቅ በትነቱ ይያዛል። መርፌ የሚያስለቅሰው ሕፃን ደግሞ ጭምብል አፍንጫው ላይ ተደርጎለት ከመጀመሪያው በትንፋሽ ይተኛል። ከማስተኛት ሌላ የተጨማደደ የሳንባ ቧንቧን ያላላሉ፤ ስለዚህ አብዛኞቹ አስም ላለበት ሰው መልካም ናቸው። የተኮማተረ ማህፀንንም ይፈታሉ። ሕመምን በማስታገስ በኩል ግን ከናይትረስ ኦክሳይድ በቀር ደካሞች ናቸው። በሃሎቴን ብቻ ተኝቶ የተቀደደ ሰው ምንም ባያስታውስም ሲነቃ ሕመሙ ሙሉውን ይጠብቀዋል፤ ፔቲዲን ወይም ሞርፊን አብሮ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

የእያንዳንዱ ብርታት የሚለካው «ማክ» በሚባል መለኪያ ነው። መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቀመሩት ኤድመንድ ኤገርና ባልደረቦቻቸው ናቸው። 1 ማክ ማለት ቆዳቸው በምላጭ ሲቀደድ ከሕመምተኞች ግማሾቹ የማይንቀሳቀሱበት የትነት መጠን ነው። ለሃሎቴን 0.75 በመቶ፣ ለአይሶፍሉሬን 1.2 ገደማ፣ ለሴቮፍሉሬን 2፣ ለዴስፍሉሬን 6 በመቶ ነው። የናይትረስ ኦክሳይድ 104 በመቶ ነው፤ ማለትም አየሩ ሁሉ ናይትረስ ቢሆን እንኳ ብቻውን አይበቃም። ቁጥሮቹ በጨቅላዎች ከፍ ይላሉ፣ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይወርዳሉ። ለዓመታት አረቄ የለመደ ሰው ብዙ ይፈልጋል፤ የዚያኑ ዕለት ጠጥቶ ሰክሮ የመጣ ግን ጥቂት ይበቃዋል።

እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ የባሕር ጠለል ቁጥሮች ናቸው። መጽሐፎቹ ሲጻፉ የአየር ግፊቱ 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ እንደሆነ ተቆጥሮ ነው። አዲስ አበባ ግን በ2,400 ሜትር አካባቢ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች የአየር ግፊቷ 575 ገደማ ነው። ከየካ ሽቅብ ተወጥቶ እንጦጦ ራጉኤል ሲደረስ 3,000 ሜትር አካባቢ ይሆንና ግፊቱ ወደ 535 ይወርዳል። ዳገቱን የወጣ ሰው ትንፋሹ የሚቆራረጠው ኦክሲጅን ከአየሩ ውስጥ ስላለቀ አይደለም። የአየሩ 21 በመቶ እዚያም ኦክሲጅን ነው፤ የጎደለው ገፍቶ ወደ ደም የሚያስገባው ግፊት ነው። በባሕር ዳርቻ 160 ሚሊሜትር የነበረው የኦክሲጅን ግፊት አዲስ አበባ ላይ 120 ገደማ ነው።

ማደንዘዣም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። አንጎል የሚቀበለው የትነቱን ግፊት እንጂ መቶኛውን አይደለም። 0.75 በመቶ ሃሎቴን በባሕር ዳርቻ 5.7 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። በእንጦጦ ሥር ባለ ሆስፒታል ይህንኑ 5.7 ለማግኘት ትነቱ ከአየሩ 1 በመቶ መሆን አለበት። ታዲያ አንስቴቲስቱ በየቀኑ እያባዛና እያካፈለ ሊሠራ ነው? አይደለም፤ የተለመደው ቬፖራይዘር ሂሳቡን ራሱ ይሠራለታል። በዕቃው ውስጥ የሚያልፈው ጋዝ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ፈሳሹ ላይ ያልፋል፣ ሌላው ሳይነካው ያልፋል። የፈሳሹ የትነት ግፊት የሚወሰነው በሙቀቱ ብቻ ነው። ሃሎቴን በ20 ዲግሪ 243 ሚሊሜትር አካባቢ ይሰጣል፤ ባሕር ዳርቻም ራጉኤልም ላይ ያው ነው። የውጭው ግፊት ሲቀንስ ትነቱ ከጋዙ የሚይዘው ድርሻ ከፍ ይልና ጉድለቱን ይሞላል፤ እንዲያውም ትንሽ ያልፈዋል። ስለዚህ መዘውሩ በመጽሐፉ ቁጥር ላይ ቢቆይ ሕመምተኛው የሚያገኘው ግፊት ቀድሞ ከታሰበው በጥቂቱ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ግራ የሚያጋባው ሞኒተሩ ነው። እውነተኛውን መቶኛ የሚያሳይ ከሆነ ቁጥሩ ከመዘውሩ ይበልጣል፤ ያልለመደ ሰው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ይደነግጣል።

ዴስፍሉሬን ከዚህ ሕግ ይወጣል። የሚፈላው በ23 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቬፖራይዘሩ በኤሌክትሪክ እያሞቀ የተወሰነ መቶኛ እየለካ ያወጣል። ግፊት ስለማያካክስ አዲስ አበባ ላይ 6 በመቶ የታሰበለት ሕመምተኛ መዘውሩ 8 ገደማ ላይ ካልሆነ አይተኛም። ዕቃው ውድ ስለሆነና መብራት ሲጠፋ ስለሚቆም እዚህ አገር እምብዛም አይገባም፤ ስለዚህ ጉዳዩ ብዙም አያሳስብም።

ናይትረስ ኦክሳይድ ላይ ግን ከፍታው በግልጽ ይታያል። 70 በመቶ ናይትረስና 30 በመቶ ኦክሲጅን የጥንት ቅልቅል ነው። አዲስ አበባ ላይ ያ 70 በመቶ የሚሠራው በባሕር ዳርቻ 53 በመቶ የሚሠራውን ያህል ነው። የቀረው 30 በመቶ ኦክሲጅን ደግሞ ግፊቱ 172 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ያለ ምንም መሣሪያ ከሚተነፈሰው አየር እምብዛም አይበልጥም። በዚህ ከተማ ናይትረስ ኦክሳይድ ማደንዘዣነቱ ቀንሶ አደጋው ጨምሮ ይገኛል ማለት ነው። ከዚያ ሌላ ቫይታሚን ቢ12ን ያከሽፋል፤ አየር የታጎረበት ቦታ፣ ለምሳሌ የተቀደደ ሳንባ ዙሪያ ወይም የታነቀ አንጀት ውስጥ፣ ገብቶ ያሳብጠዋል። ማቅለሽለሽንም ያብሳል። የዚህ ጋዝ ነገር እዚህ ላይ ይብቃ።

ሐኪሞች በትንፋሽ ማስተኛት የጀመሩት በኤተርና በክሎሮፎርም ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 1846 ዊልያም ሞርተን በቦስተን በኤተር ሰው አስተኝቶ አሳየ፤ በዓመቱ ኤዲንብራ ላይ ጄምስ ሲምፕሰን ክሎሮፎርምን አመጣ። ገና ሦስት ወር ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1848፣ ሃና ግሪነር የምትባል የ15 ዓመት እንግሊዛዊት ልጅ የእግር ጣት ጥፍር ልትነቀል ክሎሮፎርም ስባ ሞተች። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኞችን ሊያክሙ አዲስ አበባ ሲደርሱ በየትኛውም አገር የቀዶ ሕክምና ሐኪም እጅ ላይ ያሉት ዋነኞቹ ማደንዘዣዎች እነዚሁ ሁለቱ ነበሩ። በንጉሠ ነገሥቱ ስም የተቋቋመው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ዛሬም በየካ፣ ከእንጦጦ ተዳፋት በታች ይሠራል። ኤተር ልብና ትንፋሽን ብዙ የማይጎዳ ደግ መድኃኒት ነበር፤ ጥፋቱ ቀስ ብሎ ማስተኛቱ፣ ማስመለሱና በእሳት መፈንዳቱ ነው። ደም የሚያቆም የኤሌክትሪክ መሣሪያ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገባ ኤተር መውጣት ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ1951 ቻርልስ ሳክሊንግ በእንግሊዙ አይሲአይ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ሃሎቴንን ቀመረ፤ በ1956 ማይክል ጆንስተን በማንቸስተር ለሰው ሰጠው። አይቀጣጠልም፣ ሽታው ይጣፍጣል፣ ፈጥኖ ያስተኛል። ብርሃን ስለሚያበላሸው በቡናማ ጠርሙስ ይመጣል፤ እንዳይበላሽም 0.01 በመቶ ታይሞል ይጨመርበታል። ታይሞሉ ግን አይተንም። ሃሎቴኑ በየቀኑ እየተነነ ሲሄድ ታይሞሉ ቬፖራይዘሩ ውስጥ ይከማቻል፤ በመመልከቻው መስታወት በኩል የሚታየው ፈሳሽ ወደ ቢጫነት ይሄዳል፣ መዘውሩም እየተጣበቀ ይከብዳል። ጥንቁቅ አንስቴቲስት አሮጌውን ፈሳሽ በየጊዜው ያፈስሰዋል። መድኃኒት በሚጠፋበት ወቅት ያንን ማፍሰስ ግን እጅ ይይዛል።

ሀብታሞቹ አገሮች ሃሎቴንን በአይሶፍሉሬንና በሴቮፍሉሬን ተክተው ከተዉት ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሆስፒታሎች ግን ለረጅም ዘመን ዋናው ትነት እሱ ሆኖ ቆይቷል፤ ምክንያቱም ርካሽ ነው፣ ጥቂቱ ይበቃል፣ ሕፃናትን ሳያስል ያስተኛል፣ ባለሙያውም የሰለጠነው በእሱ ነው። በአገሪቱ አብዛኛውን ሰመመን የሚሰጡት ከሐኪሞች ይልቅ በጎንደር፣ በጅማ፣ በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳ፣ በዲላና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የሰለጠኑ አንስቴቲስቶች ናቸው። ሃሎቴንን እንደ እነሱ የሚያውቀው የለም። የጎንዮሽ ጉዳቱ በሚዛን ሲታይ፣ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚጎዳው ሃሎቴን ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ክፋቱን ቀድሞ የሚያሳይ መሣሪያ አጠገቡ ስለሌለ ነው።

በዝና የሚቀድመው የጉበት ጉዳቱ ነው። ከገባው ሃሎቴን 20 በመቶ ያህሉ በጉበት ይፈጫል፤ የአይሶፍሉሬን 0.2 በመቶ፣ የሴቮፍሉሬን ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው። የፍጩ ቅሪት ከጉበት ፕሮቲን ጋር ይጣበቅና በአንዳንድ ሰው ሰውነት ዘንድ እንደ ባዕድ ተቆጥሮ የራሱ መከላከያ ይዘምትበታል። ከባዱ ዓይነት ብርቅ ነው፤ ከ10,000 ሰመመን አንድ ወይም ከዚያም ያነሰ። ከያዛቸው ግን ከግማሽ በላይ ይሞታሉ። አደጋው የሚጨምረው ሰውየው በአጭር ጊዜ ውስጥ ደግሞ ሲሰጠው ነው። ስለዚህ በሦስት ወር ውስጥ መደገም እንደሌለበት የእንግሊዝ የመድኃኒት ደህንነት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1986 አሳሰበ።

ጉዳቱ ኢትዮጵያ ውስጥ በቀላሉ የሚሰወር ነው። ሕመምተኛው ኦፕራሲዮን ሆኖ በሦስትና በአራት ቀኑ ቤቱ ይገባል፤ ትኩሳቱ የሚጀምረው፣ ዓይኑም ቢጫ የሚሆነው ከሳምንት በኋላ ነው። ቤተሰቡ ያየው የወፍ በሽታ ነው። የወፍ በሽታ ደግሞ መድኃኒቱ ከባህል ሐኪም ወይም ከጸበል ይፈለጋል እንጂ ማን ኦፕራሲዮን ክፍል ይመለሳል? ቢመለስም ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ በሰፊው በሚገኝበት አገር ጥፋቱን ከቫይረሱ ለይቶ ለሃሎቴን ማድረግ ከባድ ነው። የተቃጠለ ሕፃን ቁስሉ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ሰመመን እየተሰጠው ሲጠረግ ነገሩ ይበልጥ ያሳስባል፤ ብዙ ቦታ ለዚህ ኬታሚን የሚመረጠውም በዚህ የተነሳ ነው።

ልብ ላይ የሚያደርሰው ደግሞ እዚያው ጠረጴዛው ላይ የሚታይ ነው። ሃሎቴን የልብን ጡንቻ ያደክማል፣ ምቱን ያዘገያል፣ የደም ግፊትን ያወርዳል። በሕፃናት ላይ ምቱ በድንገት ሲወርድ አትሮፒን ካልተዘጋጀ ጊዜ የለም። ከዚህም በላይ ልብ ለአድሬናሊን እንዲቆጣ ያደርገዋል። ሐኪሙ ደም ለመቀነስ ቁስሉ ላይ አድሬናሊን የተቀላቀለበት ማደንዘዣ ሲወጋ ምቱ ሊዘበራረቅ ይችላል፤ ለአዋቂ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ10 ሚሊ ሊትር 1 ለ100,000 እንዳይበልጥ የሚባለው ለዚህ ነው። ሰውየው በቅጡ ሳይተኛ ሲቀደድ ወይም ትንፋሹ አንሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲከማችበት የራሱ አድሬናሊን ያንኑ ያደርጋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ልብን ያስሮጣል፣ ግፊትን ይጨምራል። ስለዚህ ከኦፕራሲዮን በፊት ባለው ጥያቄ «ጫት ይቅማሉ? መቼ ነው የቃሙት?» የሚለው ለወግ የሚጠየቅ አይደለም። አይሶፍሉሬን ልብን ይህን ያህል አያስቆጣም፤ ግፊትን የሚያወርደው ሥሮችን በማስፋት ነው፣ ምቱንም ያፈጥናል።

ሌላው ጥያቄ ስለ ሆድ ነው። የተኛ ሰው ሆዱ ባዶ ካልሆነ ትውከቱ ወደ ሳንባው ይገባል። «እማማ፣ ምግብ ቀምሰዋል?» ሲባሉ «ኧረ ጾም ነኝ» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ከእንጦጦ ተራራ ጠዋት በባዶ ሆድ በጆግ የተጠጣው ጸበል ግን ከምግብ አይቆጠርም። ውኃ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከጨጓራ ይወጣል፤ ስለዚህ ጸበሉ በስሙ ተጠርቶ፣ ከነሰዓቱ መጠየቅ አለበት።

ለደጋው ከተማ ከሁሉ የሚከብደው ትንፋሽ ላይ ያለው ጉዳት ነው። ሁሉም ትነቶች ትንፋሽን ያሳጥራሉ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያስከማቻሉ። ሰውነት ኦክሲጅን ሲያንሰው ፈጥኖ እንዲተነፍስ የሚያደርገውን ማንቂያ ደግሞ ሃሎቴን ከ1 ማክ አንድ አሥረኛ በሚሆን መጠን እንኳ ያደነዝዘዋል። ያ ማለት ሰውየው ነቅቶ፣ ስሙን ተናግሮ፣ እጁን አንሥቶ ሳለ ማንቂያው ገና ተኝቷል። የባሕር ዳርቻ ሰው ይህን ሰዓት ያለ ችግር ሊያልፈው ይችላል፤ የ160 ሚሊሜትር ትርፍ አለው። በ120 የሚነቃው ያ ትርፍ የለውም። እርግጥ ደገኛው ኢትዮጵያዊ ከፍታውን ለምዶታል፤ ሲንቲያ ቢል የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር የሚኖሩ ሰዎች የደማቸው የኦክሲጅን ሙሌት በአማካይ 95 በመቶ አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል። መልመድ ግን ለነቃ ሰው ነው።

አደገኛዋ ጊዜ ከኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ወደ ማገገሚያ ክፍል (ሪከቨሪ) የሚኬድባት አጭር መንገድ ናት። ሞኒተሩ ተነቅሏል፣ ኦክሲጅኑ ግድግዳው ላይ ቀርቷል፣ አልጋው በኮሪደር እየተገፋ ነው። አንስቴቲስቱ አንድ እጁን ከሕመምተኛው አገጭ ሥር አድርጎ ወደ ላይ ያነሣል፤ በመዳፉ የትንፋሹን ሙቀት ይጠብቃል። ተንቀሳቃሽ ሲሊንደርና ጣት ላይ የሚሰካ ኦክሲሜትር ካለ ይህ መንገድ እንደማንኛውም መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥ ኦክሲሜትር ሲያዳርስ፣ ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 «ሳልትስ» ብሎ የጀመረው የቀዶ ሕክምና ደህንነት መርሐ ግብር ለሰመመን ሲቆረቆር፣ ሕይወት የሚተርፈው በእንዲህ ያለው ቦታ ነው።

ወላድ ላይ ትነቶቹ ሁለት መልክ አላቸው። ሕፃኑ ተጋድሞ እጅ አላስገባ ሲል ወይም የእንግዴ ልጅ ተይዞ ሲቀር ማህፀንን ማላላታቸው ይፈለጋል። ከወለደች በኋላ ግን ያው የላላ ማህፀን ደም ይለቃል፤ ኦክሲቶሲንም በደንብ አይሠራበትም። በኦፕራሲዮን የሚወልዱ እናቶች አብዛኞቹ በወገብ መርፌ የሚሠራላቸው በዚህም ምክንያት ነው። ሙሉ ሰመመን የግድ ሲሆን መዘውሩ ከ1 ማክ በታች ይያዛል፤ ሕፃኑ እንደወጣም ይቀነሳል። ጭንቅላቱን በመኪና አደጋ የተመታ ሰው ላይ ደግሞ ሃሎቴን ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ስለሚጨምር ያበጠውን አንጎል ያብስበታል።

ሕፃናትን በማስተኛት ሃሎቴንን የሚስተካከለው ሴቮፍሉሬን ነው፤ አይሶፍሉሬን ሽታው ስለሚኮመጥጥ ያስላል። ሴቮፍሉሬን ደም ውስጥ ብዙ ስለማይሟሟ ልጁ ቶሎ ይተኛል፣ ቶሎም ይነቃል። ፈጥኖ የነቃ ልጅ ግን አንዳንዴ እናቱን እንኳ ሳይለይ ይጮኻል፣ ይራገጣል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልፍለታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ረጅም ወይም ተደጋጋሚ ሰመመን አንጎልን ሊጎዳ ይችላል ሲል አስጠንቅቋል፤ ማስጠንቀቂያው አንዴ የሚደረግ አጭር ኦፕራሲዮንን አይመለከትም።

ከናይትረስ ኦክሳይድ በቀር ሁሉም የሚጋሩት አንድ ብርቅ ጉዳት አለ። ጡንቻቸው በዘር በወረሱት ጉድለት ካልሲየምን መቆጣጠር የማይችል ሰዎች ትነቱን ሲስቡ ሰውነታቸው ይገትራል፣ ይጋላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይንራል። የሜልቦርን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1960 የለዩት ይህ ሕመም ዳንትሮሊን የተባለ መድኃኒት ሳይገኝ ከሚይዛቸው ብዙዎቹን ይገድል ነበር። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የመጀመሪያው መጠን ብቻ ባለ 20 ሚሊግራም ዘጠኝ ብልቃጥ ይፈጃል። መድኃኒቱ ውድ ነው፣ ሳይነካ ጊዜው ያልፍበታል፤ በአብዛኛው የአፍሪካ ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ አይገኝም። ዳንትሮሊን በሌለበት የሚደረገው ትነቱን ዘግቶ በኦክሲጅን ማስተንፈስና በበረዶ ማቀዝቀዝ ነው።

ትነቱ ሠራተኛውንም ይነካል። ትነቱን ወደ ውጭ የሚስብ ቱቦ በሌለበት ክፍል ሕመምተኛው ያስወጣውን ሁሉ ነርሷም ሐኪሙም ይስቡታል፤ አንስቴቲስት ወደ ማታ ራሱን ሲያመው ከድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። መስኮት መክፈት ይረዳል፣ እንጦጦ ሥር ያለው ነፋስም አያሳፍርም፤ አቧራውና ዝንቡ ግን አብሮ ይገባል። ከመስኮት የወጣው ደግሞ ከባቢ አየርን ያሞቃል። ዴስፍሉሬን በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ2,500 እጥፍ በላይ ያሞቃል፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ለልዩ ሁኔታ ካልሆነ እንዳይሰጥ ያደረገው ለዚህ ነው።

ሃሎቴንን የሚያመርቱ ኩባንያዎች እየተመናመኑ ስለሆነ የመተካቱ ጉዳይ የምርጫ መሆኑ ቀርቷል። አቅርቦቱ ሲሳሳ አስመስሎ የተሠራው ይገባል፤ የባንግላዴሽ ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2024 ሃሎቴንን በአይሶፍሉሬን ወይም በሴቮፍሉሬን እንዲተኩ ሆስፒታሎችን ያዘዘው ሕፃናት በሰመመን ላይ ከሞቱ በኋላ ነበር። በኢትዮጵያም አይሶፍሉሬን እየተስፋፋ ነው። ትነት መቀየር ግን ጠርሙስ መቀየር ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ የራሱ ቬፖራይዘር አለው፤ የሃሎቴን ቀይ፣ የአይሶፍሉሬን ሐምራዊ፣ የሴቮፍሉሬን ቢጫ። ሴቮፍሉሬን በሃሎቴን ቬፖራይዘር ቢገባ ሕመምተኛው በቅጡ አይተኛም፤ ሃሎቴን በሴቮፍሉሬን ዕቃ ቢገባ መጠኑ በብዙ እጥፍ ያልፋል። ሃሎቴንና አይሶፍሉሬን ብቻ የትነት ግፊታቸው ስለሚቀራረብ፣ 243ና 238፣ የአንዱ ዕቃ ለሌላው ከቁጥሩ ብዙ ሳይርቅ ይሠራል። አምራቾቹ ይህን አይፈቅዱም። አዲስ ቬፖራይዘር ሳይመጣ አይሶፍሉሬን በደረሰበት ቦታ ግን ቀዩ ዕቃ ተራግፎ፣ ተነፍቶና ደርቆ ይሞላል፤ ስሙ ላይ ነጭ ፕላስተር ይለጠፍና በእስክሪብቶ «አይሶፍሉሬን» ይጻፍበታል።